የመጀመሪያዋ የእረፍት ቀን



የዛሬው ጨዋታችን የተጀመረው እዚህ አሶሳ፣ በቤቴ በረንዳ ላይ፣ ከጁሙዓ ሶላት መልስ በፈላ ቡና ዙሪያ ነው። ከዓመታት በፊት ያስተማርኩት አንድ ወጣት ከአባቱ ጋር ሊጠይቀኝ መጣ። ወጣቱ ዛሬ የዩኒቨርሲቲ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ሆኗል። አባቱ ደግሞ የሰፈራችን ትልቅ ሰው ናቸው፤ ሁላችንም ሐጂ እያልን ነው የምንጠራቸው። የሁለቱም ፊት እንደ ወትሮው አልነበረም። አቦሉ ተጠጥቶ ሳያልቅ ሐጂ የሆዳቸውን አወጡት።

«ኡስታዝ፣ ይህ ልጅ በክረምቱ ውጭ አገር ሄጄ በነፃ ላስተምር ይለኛል። ማስተማሩ ደግ ነው። የአውሮፕላኑን ግን የምከፍለው እኔ ነኝ። የላኩለትን ወረቀት ባስነብበው በሳምንት ሁለት ቀን እረፍት አለው፤ በእረፍቱ በመርከብ ይሄዳል፣ ደሴት ያያል! ይህ ሰደቃ ነው ወይስ ሽርሽር? የእኛ ሰፈር የቲም አልቆ ነው?»

ልጁ አንገቱን ደፍቶ ቆየና፣ «አባባ፣ አምስት ቀን ሠርቼ ሁለት ቀን አገር ባይ ማንን እበድላለሁ? ኡስታዝ፣ እርስዎ ይፍረዱን። አገር ማየቴ ኒያዬን ያበላሽብኛል?» አለ።

የሚሄድበት ታንዛኒያ፣ ዳሬ ሰላም ነው። ሐምሌንና ነሐሴን በአንድ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛና ሒሳብ ሊያስተምር ነው። እንግዲህ አንባቢያን ሆይ፣ እኔ መምህር ነኝ እንጂ ሙፍቲ አይደለሁም። ሆኖም ጥያቄው የዚህ አባትና ልጅ ብቻ አይደለም። ክረምት በመጣ ቁጥር በብዙ ቤት ይነሳል። ስለዚህ በዚያ ቀን የተባባልነውን ለእናንተም ላጫውታችሁ ወደድኩ።

ኒያ እና አገር ማየት

ሥራ ሁሉ የሚመዘነው በኒያ መሆኑን ከሕፃንነታችን ጀምሮ ተምረናል። ሰውን ለማገልገል ወጥቶ ልቡ ግን ፎቶግራፍ ላይና ወሬ ላይ ከሆነ፣ ሪያእ የሚባለው በሽታ ገብቶበታልና ለራሱ ይፍራ። ይሁን እንጂ ከዒባዳ ጋር የተፈቀደ ጥቅም ሲገናኝ ሁሉ ሥራው ይበላሻል ማለት አይደለም። ከሐጅ የበለጠ የዒባዳ ጉዞ የለም፤ ነገር ግን ሐጅ ለማድረግ የወጣ ሰው በጉዞው መካከል ቢነግድና የአላህን ችሮታ ቢፈልግ ኃጢአት እንደሌለበት በሱረቱል በቀራ ተነግሮናል። ሐጃጁ ሐጁን ካላጓደለ ንግዱ አይከለከልም። እንግዲያስ ለኺድማ የወጣ ወጣት ኺድማውን ካላጓደለ በእረፍቱ ቀን ባሕሩንና ደሴቱን ማየቱ ለምን ነውር ይሆናል? የአላህን ፍጥረት ማስተንተን ራሱ የታዘዝንበት ነገር ነው።

ይህን ስል የወጣቱ ፊት ፈካ፤ የሐጂ ደግሞ ይበልጥ ጠቆረ። «ቆይ፣ አልጨረስኩም» አልኩ።

ነቢዩላህ ሙሳ (ዐ.ሰ.) በሰው አገር

በሰው አገር በነፃ ማገልገልን ከማንም በፊት ልንማር የሚገባን ከነቢያት ነው። የነቢዩላህ ሙሳን (ዐ.ሰ.) ታሪክ አስታውሱ። ከግብጽ ሸሽተው መድየን ሲደርሱ እንግዳ ነበሩ፤ ዘመድ የላቸውም፣ ስንቅ የላቸውም። ከውኃው ዳር ሰዎች ተጋፍተው ከብቶቻቸውን ሲያጠጡ፣ ሁለት ሴቶች ግን መንጋቸውን ይዘው ወደ ኋላ ቀርተው አዩ። መጀመሪያ ያደረጉት ምን ነበር? ጠየቁ። ጉዳያችሁ ምንድን ነው አሉ። አባታቸው ያረጁ መሆናቸውን ሲሰሙ አጠጡላቸው። ከዚያም ዋጋ ሳይጠይቁ ወደ ጥላው ዞር ብለው ችግራቸውን ለጌታቸው ነገሩ። ቀጥሎ ከሴቶቹ አንዷ መጥታ አባቷ እንደሚጠሯቸው ስትነግራቸው አልኮሩም፤ ወደ ቤቱ ሄዱ። የመድየንን ሰዎች ያወቁት፣ ሥራና ትዳር ያገኙት በዚያ ቤት ነው።

በሱረቱል ከህፍም ሌላ ትምህርት አለ። ሙሳ (ዐ.ሰ.) ዕውቀት ፍለጋ ከኸድር (ዐ.ሰ.) ጋር ሲጓዙ መስተንግዶ ወደ ነፈጋቸው ከተማ ገቡ። በዚያ ከተማ ሊወድቅ የተቃረበ ግድግዳ ነበረ፤ ኸድር ያለ ዋጋ አቆሙት። ሙሳ ተገረሙ። በኋላ እንደተገለጸላቸው ግን ግድግዳው የሁለት የቲሞች ነበር፤ ከሥሩም ሀብታቸው ተቀብሮ ነበር። ሱብሐነላህ! አንዱ ግድግዳውን ብቻ ያያል፤ ሌላው ከሥሩ ያለውን ያውቃል። በሰው አገር የሚያገለግል ሁሉ ይህችን ነገር በልቡ ይያዝ፤ ከሚያቆመው ግድግዳ ሥር ምን እንዳለ አያውቅምና።

አገራችን የላከችውና የተቀበለችው

ይህ ነገር ለአገራችን አዲስ አይደለም። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት አማካይነት የቀድሞው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየክፍለ ሀገሩ እንዲያገለግሉ ይላኩ ነበር፤ አብዛኞቹም አስተምረዋል። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘመቻ ሲታወጅ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ዘመቱ። በ1971 ዓ.ም. ክረምት የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ደግሞ በ15 ቋንቋዎች የተካሄደ ነበር። በቅርብ ጊዜም ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ የሰላም ሚኒስቴር ወጣቶችን አሠልጥኖ ከተወለዱበት ክልል ወደ ሌላ ክልል ለበጎ ፈቃድ አገልግሎት ሲልክ ቆይቷል።

ተቀብለንም እናውቃለን። እ.ኤ.አ. በ1962 የአሜሪካ ሰላም ጓድ የመጀመሪያ ቡድን፣ ወደ 280 የሚጠጉ መምህራን፣ ወደ ኢትዮጵያ መጥተው በየክፍለ ሀገሩ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አስተማሩ። ዛሬ አያት የሆኑ ብዙ ኢትዮጵያውያን «የሰላም ጓዱ መምህሬ» እያሉ የሚያወጉት የእነዚያን ሰዎች ነው። ልብ ብላችሁ ስሙአቸው፤ ከሚያወጉት ውስጥ የሰዋስው ትምህርት ጥቂት ነው። የሚበዛው «ቤታችን መጥቶ እንጀራ በላ፣ እናቴን ሰላም አላት፣ ስሜን ያውቅ ነበር» የሚለው ነው።

ያን ጊዜ ሐጂ፣ «ይህ ሁሉ ታሪክ ነው ኡስታዝ፤ አንተ ራስህ ያየኸው አለ?» አሉኝ። አለ። ለማንም በደንብ ተናግሬው የማላውቀውን፣ የማፍርበትን ነገር ያን ዕለት ተናገርኩ።

የ26 ዓመቱ ቡና

ጊዜው የ2003 ዓ.ም. ክረምት ነው። እኔ የተወለድኩት ከአሶሳ ወጣ ብለው በቁጥር ከሚጠሩት የሰፈራ መንደሮች በአንዱ ነው። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. በድርቁ ምክንያት ከወሎ፣ ከትግራይና ከሌላም አካባቢ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሲወሰድ እናትና አባቴም ከወሎ መጡ። እኔ ጠዋት ቁርኣን ቤት፣ ከሰዓት አስኳላ እየተመላለስኩ አድጌ ኮሌጅ ገባሁ። በዚያ ክረምት አንድ ጡረታ የወጣ አውሮፓዊ መምህር በበጎ ፈቃድ መጥቶ በሥራ ላይ ላሉ መምህራን የእንግሊዝኛ ሥልጠና ይሰጥ ነበር። ሠልጣኞቹ «ቲቸር» ይሉት ነበር። እንግሊዝኛዬ ትንሽ ይሻል ስለነበር አስተርጓሚ ሆኜ በነፃ አገለግለው ጀመር።

የመጀመሪያዋ ቅዳሜ ስትደርስ፣ «ነገ ወዴት ልውሰድዎት?» ብዬ ጠየቅሁት። የሕዳሴው ግድብ መሠረት ድንጋይ የተጣለው በዚያው ዓመት መጋቢት 24 ቀን ነበርና አፋችን ሁሉ ስለ ግድቡ ነበር። ጉባ ሩቅ ቢሆንም ወደዚያ ለመሄድ መኪና ፈልግ የሚለኝ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን እንዲህ አለኝ፦ «ከኋላ ወንበር የሚቀመጠው ሠልጣኝ አንድ ቀን እንኳ ተናግሮ አያውቅም። ቤቱን ባየው ለምን ዝም እንደሚል ሳይገባኝ አይቀርም። የመጀመሪያዋን የእረፍት ቀን እዚያ ልዋል።»

ያ ሠልጣኝ በርታ ነው፤ አገሩ በመንጌ በኩል ነው። ስንጠይቀው ደነገጠ፣ ቀጥሎ ደስ አለው። በጭነት አይሱዙ ላይ ተጭነን፣ ጭቃው እየያዘን፣ አንዳንድ ቦታም ወርደን እየገፋን ደረስን። ከቀርከሃ የተሠራ ቤት፣ ንጹሕ ደጅ፣ ከደጁ ትልቅ የማንጎ ዛፍ። የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ ቀረበልን። አባቱ ሽማግሌ ሸይኽ ናቸው። አማርኛ ብዙም አይናገሩም። የሚናገሩት በርታኛና የሱዳን ዐረብኛ ነው። እኔ ከኪታብ የተማርኩትን ዐረብኛ አውጥቼ ስናገር ቤቱ በሳቅ ሞላ። ከመጽሐፍ የወጣ ሰው የመጣባቸው ነበር የመሰለው። ቢሆንም ተግባባን።

ግድግዳው ላይ አንድ ለውህ ተሰቅሏል። አንባቢያን፣ ያን ለውህ ሳይ የተሰማኝን እንዴት ልንገራችሁ? እኔ በመንደራችን የተቀራሁበት ዓይነት ነው፤ ቀለሙ ሲታጠብ የቀረው ጥላ እንኳ አንድ ነው። በመንደራችን ስለ እነዚህ ሰዎች ሲወራ የሰማሁት ሌላ ነበር። አንድ ቂብላ እያለን፣ በአንድ ሱራ ጀምረን ፊደል ቆጥረን፣ አንተዋወቅም ነበር።

ሸይኹ መግሪብን አሰግደውን ቡና ሲቀርብ፣ «ያ ወለዲ፣ ወላጆችህ ወደዚህ አገር መቼ መጡ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። በጣታቸው ቆጠሩ። «26 ዓመት! ለአንድ ስኒ ቡና 26 ዓመት!» አሉ። ሁሉም ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ሆዴ ግን አልሳቀም።

ቀጥለው ቀስ ብለው ነገሩኝ። የእኛ መንደር የተሠራበት መሬት አባታቸው ቀርከሃ የሚቆርጡበት፣ ከብት የሚያሰማሩበት ነበር። አንድ ቀን ትራክተር መጣ፤ ጫካው ተመነጠረ፤ እነሱ ወደዚህ ወጡ። «ማንም አልጠየቀንም» አሉ። ዝም ብለው ቆዩና፣ «እናንተንም ማንም አልጠየቃችሁም» ብለው በስኒዬ ጨመሩልኝ።

እኔ በዚያ ግድግዳ ሥር ተወልጄ ከሥሩ ያለውን ያወቅሁት ያን ምሽት ነው። ያሳየኝም ሁለት ወር ሊቆይ የመጣ የባዕድ አገር ሰው ነው፤ እምነቱ እንኳ ሌላ የሆነ ሰው። አላህ ሕዝቦችና ጎሳዎች አድርጎ የፈጠረን እንድንተዋወቅ መሆኑን በሱረቱል ሑጁራት ስንት ጊዜ ቀርቼዋለሁ! ለጎረቤቴ ግን እንግዳ አስተዋወቀኝ።

ሰኞ ዕለት ቲቸሩ ያን ሠልጣኝ የቀርከሃ ቤት እንዴት እንደሚሠራ እንዲያስረዳ ወደ ፊት አወጣው። እንግሊዝኛ ሲጎድለው በአማርኛ፣ አማርኛ ሲጎድለው በእጁ እያሳየ፣ ክፍሉን ሁሉ አስደመመ። ዝም ይል የነበረው ዕውቀት አንሶት አልነበረም። እንግሊዝኛ አራተኛ ቋንቋው ስለሆነ ነበር።

ከዓመታት በኋላ፣ በሰኔ 2010 ዓ.ም.፣ አሶሳ ከተማ ውስጥ በነዋሪዎች መካከል ግጭት ተነስቶ የሰው ሕይወት ጠፋ። ያን ሌሊት ስልኬ ጮኸ። ያ ሠልጣኝ ነበር። «እናትህ ደህና ናት? አባቴ ሳልጠይቃት አልተኛም አለ» አለኝ። አንድ የቡና ስኒ ግጭት ያስቆማል አልልም፤ አላስቆመምም። ነገር ግን ያ ቡና ባይጠጣ ኖሮ ያ ስልክ አይደወልም ነበር። ይህን በእርግጠኝነት አውቃለሁ።

ሰፋሪ፣ ሳፋሪ፣ ሙሳፊር

ወደ እንግዳዬ ዞርኩና፣ «የምትሄድበት አገር ሰዎች ስዋሒሊ ነው የሚናገሩት» አልኩት። «መጽሐፍን ‹ኪታቡ›፣ ጉዞን ‹ሳፋሪ› ይላሉ፤ ከዐረብኛው ሰፈር የመጣ ቃል ነው። ዛሬ ዓለም ሳፋሪ ሲባል የሚገባው አንበሳ ማየት ነው። በእኛ ፊቅህ ደግሞ ሙሳፊር የራሱ ሑክምና አደብ ያለው ሰው ነው። እዚህ አሶሳ እኛን ‹ሰፋሪ› ይሉናል። ሰፋሪ ኖሮም ላያውቅ ይችላል፤ እኔ ምስክር ነኝ። አንተ ሁለት ወር ነው የምትቆየው። ሳፋሪ ሆነህ አትመለስ፤ ሙሳፊር ሁን። የመጀመሪያዋ የእረፍት ቀንህ የደሴቱ አይደለችም፤ የጎረቤት ናት። ከምታስተምራቸው ልጆች ከአንዱ ቤት ተጋብዘህ፣ ወላጆቹን ሰላም ብለህ፣ የሚበሉትን ብላ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ቅዳሜ ደሴቱን እይ፤ ሐላልህ ነው።»

ይህን ያልኩት ጎረቤቱን ለማስደሰት ብቻ አይደለም። ልጁ ለምን እንደሚያረፍድ፣ ለምን በክፍል እንደሚያንቀላፋ፣ የቤት ሥራውን በምን መብራት እንደሚሠራ ያላወቀ መምህር አምስቱንም የሥራ ቀን በጨለማ ያስተምራል። የእረፍቷ ቀን የሥራዎቹን ቀናት ታበራለች። የሥራ ቀን ግዴታ ስላለብን ከሰዎቹ ጋር እንውላለን። ማንም ሳያስገድደን ወደ ማን እንደምንሄድ የሚታየው ግን በእረፍት ቀን ነው።

ደሴቱንም ቢሆን በከንቱ እንዳያየው ነገርኩት። ዛንዚባር የሚታየው ነጭ አሸዋ ብቻ አይደለም። በድንጋይ ከተማዋ ውስጥ እ.ኤ.አ. እስከ 1873 ድረስ ሰው እንደ ከብት የሚሸጥበት ገበያ ነበር። የቤኒሻንጉል ልጅ ያን ቦታ ሲያይ የራሱን አገር ያስታውስ፤ ከዚህ አካባቢም ሰው እየታደነ ወደ ሱዳንም ወደ ደጋውም ለባርነት ተነድቷል፤ ከነጂዎቹም መካከል ሙስሊሞች ነበሩ። ይህን ሳይሸሽጉ ማወቅ ለዲናችን ውርደት አይደለም፤ ተውባ ነው። ከዳሬ ሰላም በስተደቡብ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ደግሞ ኪልዋ አለ። ኢብኑ በጡጣ እ.ኤ.አ. በ1331 የጎበኛት የንግድ ከተማ ነበረች፤ የታላቁ መስጂዷ ፍርስራሽ ዛሬም ቆሟል። ወርቅ ያሳለፈች ከተማ ፈርሳ መስጂዷ መቅረቱን ያየ ወጣት ብዙ ያስተነትናል።

ለሚሄድ ሁሉ ጥቂት ምክር

አንደኛ፣ የቤት ግዴታ ይቀድማል። ትኬቱ የታናናሾችን ቀለብ የሚነካ ከሆነ ወይም በብድር የሚገዛ ከሆነ ጉዞው ይቅር። ሐጂ በዚህ ትክክል ናቸው። ልጁ ከትኬቱ ግማሹን ተማሪ እያስጠና ራሱ እንዲያጠራቅም ተስማማን።

ሁለተኛ፣ የምትሠራውን ሥራ እዚያ ደሞዝ የሚከፈለው ሰው ይሠራው እንደሆነ ጠይቅ። በነፃ ሠርተህ የድሃ መምህር እንጀራ ብትነጥቅ አጅር አትጠብቅ። ከአገሩ መምህር ጎን ቁም እንጂ በቦታው አትቁም።

ሦስተኛ፣ መዝጋት የማትችለውን አትክፈት። በሁለት ወር የማያልቅ ትምህርት ጀምረህ መሐል ላይ ጥለህ ከምትመጣ፣ ትንሿን አንስተህ ጨርሳት። ያስተማርከውን በደብተር ጽፈህ ለሚቀጥለው መምህር አስረክብ። ለሕፃን ደግሞ «ተመልሼ እመጣለሁ» አትበል፤ ሕፃን ይጠብቃል።

አራተኛ፣ የልጆችን ፎቶ ያለ ወላጅ ፈቃድ አታንሳ። ችግራቸው ለአንተ መታያ አይሁን።

አምስተኛ፣ ጤናህን ጠብቅ። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድህን ያዝ፤ ከኢትዮጵያ ወደ ታንዛኒያ የሚገባ ይጠየቃል። ወባ እዚህም እዚያም አለችና ከአጎበር ውጭ አትተኛ።

ስድስተኛ፣ ሶላትህን አስተካክል። ሁለት ወር ለመቆየት የነየተ ሰው በተቀመጠበት ከተማ ሙሉ ይሰግዳል። በሻፊዒይና በማሊኪይ መዝሀብ አራት ቀን፣ በሐነፊይ 15 ቀን ለመቀመጥ የነየተ ሙሳፊርነቱ ያበቃል። በእረፍት ቀን ሩቅ ሲጓዝ ግን ቀስሩ ይመለስለታል። ብዙ ዑለሞች ርቀቱን ወደ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ያደርጉታል። ኪልዋ ያለ ጥርጥር ሩቅ ነው። ዛንዚባር ግን ከ70 ኪሎ ሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነውና የአገሩን ዑለሞች ጠይቅ። መጠየቁ ራሱ ከሰው ያስተዋውቅሃል።

ሩቅ መሄድ ለማይችሉ

ይህን የምታነብ እህቴ፣ «እኔ ያለ ማሕረም የት እሄዳለሁ?» ትዪ ይሆናል። በጉዞው ጉዳይ ቤተሰብሽንና የምታምኛቸውን ዑለሞች ጠይቂ። ኺድማ ግን በአውሮፕላን ብቻ አይደረስበትም። ካስተማርኳቸው ልጃገረዶች መካከል በክረምት ደጃቸው ላይ ምንጣፍ አንጥፈው የሰፈሩን ሴቶች ልጆች የሚያስጠኑ አሉ። መስከረም ሲጠባ በክፍሌ ለውጡን የማየው እኔ ነኝ።

የአሶሳ ሰው ደግሞ ውጭ አገር ድረስ ሳይሄድ ውጭ አገር ወደ እሱ መጥቷል። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ በረመዳን የመጨረሻዎቹ አሥር ቀናት፣ ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲፈነዳ ብዙ ቤተሰቦች በኩርሙክ በኩል ተሻግረው ወደ እኛ ገብተዋል። ኩርሙክ ከድንበሩ በዚህም በዚያም አንድ ስም ያላት ከተማ ናት። ከዚያ በፊትም በሸርቆሌና በባምባሲ፣ ከዚያም ወዲህ በኡራ፣ ስደተኞች ተጠልለዋል። ከእነሱ መካከል መምህራንና ሐኪሞችም አሉ። እነዚህን ሰዎች ከስንዴ ሰልፍ ላይ ብቻ አንያቸው፤ ገብተን እንጠይቃቸው፣ ይጠይቁን። ነጃሺ በራቸውን ለሙሃጂሮች በከፈቱበት አገር ለምንኖር ለእኛ ይህ አዲስ ትምህርት አይደለም።

በክልላችን ውስጥ ለመዘዋወር የምታስቡም የአካባቢውን ሰው ሳትጠይቁ አትውጡ። ከ2011 ዓ.ም. አንስቶ ለዓመታት በመተከልና በካማሺ ብዙ ደም ፈሷል። መንገዱን ከማንም በላይ የሚያውቀው እዚያው የሚኖረው ነው። መጠየቅ ፍርሃት አይደለም፤ አደብ ነው።

የሐጂ ውሳኔ

ቡናው በረካ ደርሷል። ሐጂ ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ሙስባሓቸውን ሲቆጥሩ ቆዩ። እሳቸውም እንደ አባቴ በ1977 ዓ.ም. የመጡ ናቸው። የሕዳሴው ግድብ ተጀምሮ፣ አልቆ፣ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ እዚሁ ነበሩ።

«ይሂድ» አሉ በመጨረሻ። «ግን የመጀመሪያዋን የእረፍት ቀን በማን ቤት እንደዋለ በስልክ ይንገረኝ። ከእናቲቱ ጋር ያገናኘኝና ሰላም ልበላት።»

ልጁ የአባቱን እጅ ሳመ። ሐጂ ግን አልጨረሱም። ወደ እኔ ዞረው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ኡስታዝ፣ እነዚያ ሸይኽ በሕይወት አሉ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ አሉ» አልኳቸው።

«እንግዲያው ልጁ ከመሄዱ በፊት አንድ ቅዳሜ ሦስታችን እንሂድ። በአንተ ቤት 26 ዓመት ከሆነ በእኔ ቤት 41 ሞልቶኛል» አሉ።

አንባቢያን፣ በቅዳሜ ቀጥረናል፤ ኢንሻአላህ። ጭቃው ከያዘን ወርደን እንገፋለን።

አላህ (ሱ.ወ.) ኒያችንን ያጥራልን፤ ለጎረቤቶቻችን ያስተዋውቀን፤ የሚሄዱትንም በሰላም ያድርስልን፣ በሰላም ይመልስልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።